የእትዬ ላቀች ፓውዛ

ከሚልን የሚፈልግ ሰው ቦንጋ መናኸሪያ ወርዶ አድራሻ መጠየቅ አያስፈልገውም ነበር። ከመናኸሪያው በታች ባለው ቁልቁለት ላይ ኮፈኑን ከፍቶ የቆመ መኪና ካለ፣ ወደ ሞተሩ ተደፍቶ ጀርባው ብቻ የሚታየው ሰው እሱ ነው። እኔ እዚያው ቁልቁለት አጠገብ ቤት ተከራይቼ ስድስት ዓመት ኖሬያለሁ። ከናዝሬት ተመድቤ የመጣሁ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ስሜ እስክንድር ነው፤ ቦንጋ ግን ስሜን ከምንም ሳትቆጥረው "ቲቸር" ብላ ጠራችኝ። በመጀመሪያው ዓመት ዝናቡ አላባራ ሲለኝ ተናድጄ ዝውውር ጠየቅሁ። በሁለተኛው ዓመት ዝውውሩ ሲፈቀድ ደብዳቤውን ኪሴ ከትቼ ዝም አልኩ። ጥፋቱ በከፊል የከሚል ነው።

ከሚል እዚሁ ቦንጋ የተወለደ የነጋዴ ልጅ ነው። አባቱ ከቡታጅራ ወገን መጥተው ፋኖስና ማሾ ይሸጡ ነበር። እሱ ልጅ ሳለ የከተማው መብራት በጄኔሬተር ስለነበር በየምሽቱ ሰዓቱ ሲደርስ ይጠፋል። "መብራት ሄደ" እንላለን ሁላችንም፤ ብለንም ሻማ እንፈልጋለን። ከሚል ግን ወዴት እንደሚሄድ ያስብ ነበር። አምፖሉ መጀመሪያ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ይቀላል፣ በመጨረሻም አንዲት ቀጭን ክር ብቻ ትቀራለች። እሱ ያቺን ክር ዓይኑን ሳይነቅል ያያታል። ስትጠፋ ዓይኑን ይጨፍንና ከሽፋሽፍቱ ሥር ስትንሳፈፍ ያገኛታል። "ያኔ ነው የመኪና ኤሌክትሪሺያን የሆንኩት" አለኝ አንድ ቀን። እኔ ጉልበት አይጠፋም፣ ወደ ሙቀት ይለወጣል ብዬ በመጽሐፉ መሠረት አስረዳሁት። ቅር አለው። ከዚያ በኋላ ይህን ጥያቄ እንደ አስተማሪ መመለሴን ተውኩ።

ሙያውን የተማረው ጅማ፣ አንድ ጋራዥ ውስጥ ነው። ኢሕአዴግ በገባ በሦስተኛው ዓመት ተመልሶ የአባቱን ሱቅ ግማሹን ለራሱ አደረገ። እንደሱ ዘገምተኛ ሠራተኛ አላየሁም። ደንበኛ መጥቶ "ዛሬ ይደርሳል?" ሲለው "ኢንሻአላህ" ይላል፤ ደንበኛው ይሄዳል፤ በሦስተኛው ቀን መጥቶ ይሳደባል፤ መኪናውን ይዞ ሲሄድ ግን ስለማይበላሽበት ለዓመት ተመልሶ አይመጣም። አንድ የስኳር ካርቶን ነበረው። ውስጡ የተቃጠሉ የመኪና አምፖሎች በጥጥ ላይ ተኝተዋል፤ በእያንዳንዳቸው አንገት ላይ ናስትሮ ተጠምጥሞ የመኪናው ታርጋና ዓመተ ምሕረቱ ተጽፎበታል። ለምን እንደማይጥላቸው ብጠይቀው፣ "ሠርተው የሞቱ ናቸው ቲቸር። ሠርቶ የሞተ አይጣልም" አለኝ። እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ ያለቁ ባትሪዎቼን መጣል ከበደኝ።

አሁን የምነግራችሁ በሁለት ሺህ ስድስት ዓመተ ምሕረት የሆነውን ነው።

መጋቢት ላይ ማር ነጋዴዋ እትዬ ላቀች አሮጌ ፒካፗን ራሷ እየነዳች መጥታ ከሱቁ ፊት አቆመችው። ወላጆቿ ከሰላሌ መጥተው ቦንጋ በንግድ የተደላደሉ ናቸው። እሷ ግን ዘመድ ሁሉ እያጉረመረመ፣ ማር ቆራጩን ካፊቾ ጥሩሰውን አገባች፤ ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ምላሷን የሚፈራ ብዙ ነው። እኔም አንዱ ነኝ።

"አንተ ከሚል፣ ሌሊቱን ቀን የሚያደርግ መብራት መጥቷል አሉ።"

"መጥቷል፣ እትዬ ላቀች። ኤልኢዲ ፓውዛ ነው። ግን ለመንገድ ነው የተሠራው።"

"መንገዱንማ አውቀዋለሁ። እኔ የምፈልገው ለዛፍ ነው።"

በርጩማ ሳብ አድርጋ ተቀመጠችና ነገሩን አፍረጠረጠችው። ጥሩሰው ከአባቱ የወረሰው ደን ከሺሺንዳ በላይ ነው። ቀፎዎቹ የተሰቀሉት ሰማይ በሚነኩ ዛፎች ላይ ሲሆን ማሩም የሚቆረጠው ከጨለመ በኋላ ነው፤ በቀን ንቡ አያስጠጋም። ባለፈው ዓመት ማር ቆርጦ ሲወርድ መሬት የደረሰ መስሎት እጁን ለቀቀ። ገና የሁለት ሰው ቁመት ይቀረው ነበርና ወድቆ የትከሻው አጥንት ተሰበረ። ዕድሜው ወደ ስልሳ ነው። ዘንድሮም እወጣለሁ ብሏል።

"አትውጣ ብዬ ለመንኩት። የአባቴን ዛፍ ለማን ትቼ ይለኛል" አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ባሌን ከዛፍ ሥር ለቅሜ ማምጣት አልፈልግም። ካየ አይወድቅም። ብርሃን አድርግልኝ" አለችው።

ከሚል ለሰው ቶሎ ቃል የማይሰጥ ሰው ነበር። ይህን ግን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ "አደርግልዎታለሁ" አላት። አፉ ላይ ኢንሻአላህ እንኳ አልመጣለትም፤ ያን ጊዜ ልብ ብዬዋለሁ።

ፓውዛው ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራ ተገዝቶ በጋቢ ተጠቅልሎ በአውቶቡስ መጣ። ርዝመቱ ክንድ ተኩል የሚሆን ጥቁር ብረት ነው፤ ፊቱ ላይ አርባ ትንንሽ መብራቶች በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል። ማንም ሌላ ሠራተኛ ቢሆን ጣሪያውን በድሪል በስቶ በግማሽ ቀን አሥሮ ይሰጣት ነበር። ከሚል የመኪና ጣሪያ አይበሳም። "የካፋ ዝናብ ቀዳዳ ለማግኘት ዓመት ይጠብቃል" ይል ነበር። ስለዚህ ከጋቢናው ጀርባ ካሶኒው ላይ የሚቆም የቱቦላሬ ቅስት አስበየደና ፓውዛውን ቅስቱ አናት ላይ በሁለት ብሎን አንጠለጠለው። ብሎኖቹ ሲላሉ ፓውዛው ቀና ብሎ ሰማይ ያያል፣ ሲጠብቁ ባለበት ይረጋል።

እኔም ሳይንስ እንዳይጎድል ብዬ ከትምህርት ሰዓት በኋላ አጠገቡ አልጠፋም ነበር። መቶ ሃያ ዋት ለአሥራ ሁለት ቮልት ሲካፈል አሥር አምፒር ነው ብዬ በጠመኔ ግድግዳው ላይ ጻፍኩለት። ቀና ብሎ አነበበና ራሱን በአክብሮት ነቀነቀ። የአሥራ አምስት አምፒር ፊውዝ በጥርሱ ነክሶ ይዞ ነበር።

ስምንት ቀን ፈጀበት። የባትሪው ኃይል ሁሉ በቀጭኗ ማጥፊያ ውስጥ እንዳያልፍ ሪሌ አስገባላት። ኔጋቲቩን የሚያስርበትን የሻሲውን ቦታ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ቀለሙን ፋቀው። ሽቦውን በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አሳልፎ ከኮፈኑ እስከ ካሶኒው ሲወስደው አንድም ቦታ ላይ በማዕዘን አላጠፈውም። "ውሃ በሚሄድበት አስኪደው" ይላል ለራሱ እየተናገረ። እትዬ ላቀች በየቀኑ እየመጣች በርጩማው ላይ ትቀመጥና ታወራለች። ከሁሉ የበለጠ የምታማው ከሁለት ዓመት በፊት በበሽታ የሞተውን የባሏን ወንድም፣ ሀብተሥላሴን ነበር።

"ነፍሱን ይማረው እንጂ እንደሱ ያለ ሥራ ፈት አላየሁም። ወንድሙ ዛፍ ላይ ሲንጠለጠል እሱ ሥሩ ቆሞ ያወራል። ማን አገባ፣ ማን ተጣላ፣ በግ ስንት ወጣ። ወንድሙ እስኪወርድ አፉን አይዘጋም። ለዚህ ወሬው ደግሞ የማሩን እኩሌታ ይዞ ይሄዳል። ሲሞት ጥሩሰው ሌላ ሰው ሥር ላቁም አለኝ። ለወሬኛ ግማሽ ማር አልሰጥም አልኩት።"

በስምንተኛው ቀን ጥሩሰው ራሱ መጣ። ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነው፤ የግራ ትከሻው ከውድቀቱ ወዲህ ትንሽ ዘመም ብሏል። ፓውዛውን በጣቱ ነካ ነካ አደረገና፣ "ብዙ ዓይን አለው" አለ። ቆየት ብሎም፣ "ንብም ያያል እኮ" አለ።

"ለአንተ ነው የሚበራው፣ ለንብ አይደለም። ምክንያት አታብዛ" አለችው ላቀች።

ጥሩሰው መልስ ቢሰጥ ኖሮ እኔም ከእሷ ወገን እቆም ነበር፤ ስለ ብርሃን የማስተምር ሰው ነኛ። ስለ ንብ የሚያስተምረው የባዮሎጂው መምህር ነው።

አመሻሽ ላይ ከሚል ፓውዛውን ወደ ሰማይ አቅንቶ ሞከረው። ጉሙ እንደወትሮው ከደኑ ወጥቶ ከተማውን ሸፍኖት ነበር። ማብሪያውን ሲጫን ጉሙ ውስጥ ነጭ ምሰሶ ተተከለ። ጠብታዎቹ በምሰሶው ውስጥ ቀስ እያሉ ሲዞሩ፣ ከመናኸሪያው ተሳፋሪዎች ወጥተው አንጋጠው አዩ። የምሽት ዝናብ ሊጀምር ሲል ከሚል አሁንም እንደቆመ ነው። ዓይኑ እርጥብ ነበር። "ቲቸር፣ እነዚያ ልጅ ሆኜ የሄዱት ሁሉ እዚህ ናቸው" አለኝ። መጽሐፉን አልጠቀስኩለትም። ደስ ብሎኝ ነበር።

ሚያዝያ መጨረሻ ላይ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከሚል፣ እትዬ ላቀችና እኔ በፒካፑ ሄድን። ሺሺንዳን አልፈን ከዋናው መንገድ ተገነጠልንና የእንጨት ጫኞች ጎማ በፈለፈለው መንገድ ወጣን። ደኑ ውስጥ ብርሃኑ አረንጓዴ ነው፤ በውሃ ሥር የምንሄድ ይመስል ነበር። ጥሩሰው ቀድሞ ሄዶ፣ መኪና ሊደርስበት ከሚችለው ከአንድ ትልቅ ቀረሮ ሥር ተቀምጦ ጠበቀን። ዛፉን አራት ሰው ቢያቅፈው አይዳረስም። ከላይ፣ ቅርንጫፎቹ መሀል፣ ቀፎዎቹ እንደ ተኙ እንስሳት ጋደም ብለዋል።

ዓይን ለዓይን መተያየት ሲያስቸግር ጥሩሰው ጫማውን አወለቀ። ገመዱን በወገቡና በግንዱ ዙሪያ አዞረ፤ አቁማዳውን በጀርባው፣ የሚጤሰውን ችቦ በጎኑ አንጠልጥሎ መውጣት ጀመረ። ከሚል ባትሪው እንዳይደክም ሞተሩን አስነስቶ መሪው ላይ ተቀመጠ፤ ለማየት ብሎ መስኮቱን ከፍቷል። እኔና እትዬ ላቀች ከዛፉ ሥር ሸራ ለብሰን ቆምን። እግሮቹ ከዓይናችን ሲሰወሩ "አብራ" አለችው።

ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን አላየሁም። ዛፉ ከጨለማው ወጥቶ ብቻውን ቆመ። ከግንዱ ላይ የተንጠለጠለው የዛፍ ሽበት፣ ከሽበቱ ጫፍ ያለው ጠብታ፣ ከላይ የጥሩሰው ነጣ ያለ ውስጥ እግር፣ ሁሉም እያንዳንዱ ተለይቶ ይታይ ነበር። ላቀች ክንዴን ጨብጣ፣ "አየሁት፣ አየሁት" ትላለች። ባሏን ሥራው ላይ ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር።

ጥሩሰው ቀፎውን ከፈተ። ከቀፎው አፍ ወርቃማ አቧራ ወጣ። አቧራው በብርሃኑ ውስጥ ቀስ ብሎ ተዘረጋ፣ ብርሃኑን ይዞ ወረደ፣ እያማረ ወረደ። እኔ አፌን ከፍቼ ሳደንቅ የመጀመሪያዎቹ ንቦች ከፓውዛው መስታወት ጋር ተጋጩ። ከዚያ ሁሉም መጡ። ፓውዛው ንብ ለበሰ፤ የቀሩት በተከፈተው መስኮት ገቡ።

ከሚል ማጥፊያውን ቢጫን ኖሮ ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። በእጁ ሥር ነበር፤ ራሱ ነው ያስገባው። ግን ሃያ ዓመት ሲያበራ የኖረ እጅ ማጥፋት አልመጣለትም። መስኮቱን ዘጋና ማርሹን አስገብቶ ሸሸ። ብርሃኑ ከዛፍ ዛፍ እየዘለለ፣ ንቡን ሁሉ እያስከተለ ራቀ፣ ቀላ፣ ቀጠነ። ከዚያ ጠፋ።

ጨለማ ከብርሃን በኋላ ሲመጣ ሌላ ጨለማ ነው። እጄን ፊቴ ላይ አድርጌ አላየሁትም።

"ጥሩሰው" አለች ላቀች።

ደግማ ጠራችው።

"አለሁ" አለ። ድምፁ ሩቅ ነበር። "አልታይ አለኝ። ያ ብርሃን ዓይኔን ወሰደው። መሬቱ የት እንደሆነ ጠፋኝ።"

"በእናትህ እንዳትንቀሳቀስ። ከሚል ይመጣል።"

"ክንዴ አይጠብቅም። ትከሻዬ ደክሟል።" ከዚያ "አውሪ" አላት።

"ምን?"

"ሀብተሥላሴ እንደሚያወራው አውሪ። መሬቱን የማውቀው በእሱ ድምፅ ነበር።"

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባኝ፤ ለእሷም እንደገባት አወቅሁ፤ ምክንያቱም እትዬ ላቀች ዝም አለች። ያቺ ገበያውን ሁሉ የምታንጫጫ ሴት ቃል አጣች። እኔ ልተካት ብዬ አፌን ስከፍት የመጣልኝ የኒውተን ሕግ ብቻ ነበር፤ ዘጋሁት።

"በርበሬ..." አለች በመጨረሻ። "በርበሬ ተወዷል። ቅዳሜ ከዋጫ የመጡት ነጋዴዎች ሁሉንም ጠራርገው ወሰዱት። ጎረቤታችን አሚናት ልጇን ልትድር ነው፣ ድንኳን አበድሪኝ ብላኛለች። የጓዳው ጣሪያ አሁንም ያፈሳል። እሠራዋለሁ ካልክ ሁለት ክረምት አለፈ፤ ባልዲ እያስቀመጥኩ ነው የምኖረው፤ ትሰማለህ?"

"እሰማለሁ። አታቋርጪ።"

ቅርፊት ሲፋቅ ሰማሁ። እየወረደ ነው።

"ሠርጋችን ቀን እናቴ አልቅሳ ነበር፤ ነግሬህ አላውቅም። የዛፍ ሰው አገባሽ አለችኝ። እኔ ግን አንዴም አልቆጨኝም። ማታ ስትሄድ በር ላይ ቆሜ አልሸኝህም፤ ተቆጥታ ነው ትላለህ። ፈርቼ ነው። ጥሩሰው፣ ሀብተሥላሴን በከንቱ አማሁት። አጥንቱን ወቀስኩት። ወሬኛ ነው ብዬ ሰው ከለከልኩህ፤ የጣልኩህ እኔ ነኝ።"

ማልቀስ ስትጀምር ቃሏ ተቆራረጠ። ከላይ የነበረው ድምፅም ቆመ።

"ላቀች" አላት ከጭንቅላታችን በላይ። "አልቅሺ፣ ግን እያወራሽ።"

እያለቀሰች አወራች። ስለ ዘይት፣ ስለ ሰም ዋጋ፣ ስለ አንዲት ወተቷ ስለነጠፈ ላም። እግሩ መሬት ሲነካ ሰማሁት፤ እሷ ግን አልሰማችም። አጠገቧ ቆሞ እጁን ትከሻዋ ላይ እስኪያደርግ ድረስ ለዛፉ ስለ ላሟ ትነግረው ነበር።

ችቦውን እፍ እፍ ብሎ ፍሙን አቀላው። በዚያ ብርሃን አቁማዳውን ፈታ። የእንሰት ቅጠል ሁለት ቦታ አነጠፈና የማሩን እንጀራ አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ እያለ እኩል ከፈለው። አንደኛውን ቅጠል ወደ እሷ ገፋላት።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"የሥር ሰው ድርሻ ነው" አላት።

የሚሸጠው ማር ሁሉ በእጇ የሚያልፍ ሴት ናት። ያቺን ቅጠል ግን በሁለት እጇ ተቀብላ ብዙ ጊዜ ሳትነካት ጭኗ ላይ ይዛ ተቀመጠች።

ከሚል በእግሩ መጣ። መብራቱን በመጣንበት መንገድ ካለው ድልድይ ሲደርስ አጥፍቶት መኪናውን እዚያው ትቶታል። ፊቱ አብጦ አንድ ዓይኑ ተደፍኗል። ጥሩሰው እግር ላይ ሊወድቅ ሲል፣ ጥሩሰው ቀድሞ ክንዱን ያዘው።

"ጋሽ ጥሩሰው፣ ይቅር ይበሉኝ። ብርሃን ላምጣ ብዬ በጨለማ ጥዬዎት ሄድኩ።"

"ንቡን ሁሉ ወስደህልኛል" አለው ጥሩሰው። "እኔ ፍም ቆርሼ ወደ ታች የምጥለው ለዚሁ ነው፤ ንብ ብርሃን ተከትሎ ይወርዳል። የዛሬው ትንሽ በዛ እንጂ አንድ እንኳ አልነደፈኝም።" ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ከሚልም ሊስቅ ሞከረ፤ ከንፈሩ እምቢ አለው።

በማግስቱ ከሚል ፓውዛውን ከቅስቱ አወረደው። ከፊቱ የሞቱትን ንቦች በጥርስ ብሩሽ አንድ በአንድ ጠረገና ከፊት መከላከያው ላይ፣ ወደ መንገዱ ዝቅ አድርጎ አሠረው። አንዷን ንብ ግን አልጣላትም። በጥጥ አድርጎ ካርቶኑ ውስጥ ከአምፖሎቹ መሀል አኖራት፤ በናስትሮው ላይ የፒካፑን ታርጋና ዓመተ ምሕረቱን ጻፈ።

እኔ ቦንጋን እስክለቅ ድረስ በየዓመቱ ማር ሲደርስ አብሬያቸው ሄድኩ። ጉሙ ውስጥ ፓውዛው መንገዱን ያሳየናል፤ እትዬ ላቀች ትነዳለች። ቀረሮው ጋ ስንደርስ ወርዳ ነጠላዋን ታስተካክልና፣ "አጥፋው፣ ከሚል" ትላለች። ከሚል ያጠፋዋል። እኔና እሱ መስኮቱን ዘግተን ጋቢና ውስጥ እንቀመጣለን። ጥሩሰው ይወጣል። ውጭ፣ በጨለማው ውስጥ፣ ላቀች ስለ በርበሬ ማውራት ትጀምራለች።